የጋራ ሕንፃ ፓርኪንግ፦ መጀመሪያ ቦታው የማን እንደሆነ እወቁ፣ ደንቡ ከዛ ይመጣል

በጋራ ሕንፃ የሚኖር ሰው ሊፍት ሲበላሽ ይታገሳል፣ የጽዳት ክፍያ ሲጨምርም አጉረምርሞ ይከፍላል፣ ፓርኪንግ ላይ ግን ትግስት የሚባል ነገር የለም። ጥሩ ሰላምታ የነበራቸው ጎረቤቶች ባንድ መኪና ምክንያት ለአመታት ተኮራርፈው ሲኖሩ ታያላችሁ። የሚገርመው አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ወገን ከልባቸው ነው "ቦታው የኔ ነው" የሚሉት፣ ወረቀቱን ግን አንዳቸውም አላዩትም። ስለዚህ ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ፣ ቤት የገዛችሁ፣ ተከራይ የሆናችሁ፣ አፓርትመንትም ይሁን ታውንሃውስ (ጎን ለጎን ተያይዞ የተሠራ ቤት) ነገሩን ከስሩ እንየው።

ቦታው የማን ነው?

በጋራ ባለቤትነት በተያዘ ግቢ ውስጥ አንድ የመኪና ማቆሚያ ብዙ ጊዜ ከሶስት አንዱ ነው። አንደኛው ከቤቱ ጋር በባለቤትነት የተመዘገበ ነው፣ የተመዘገበው ፕላን ላይ የቤቱ አካል ሆኖ ይታያል፣ ቤቱ ሲሸጥ አብሮ ይሸጣል፣ ኮሚቴው ተነስቶ ለሌላ ሰው ሊሰጠው አይችልም። ሁለተኛው የጋራ መጠቀሚያ ነው ግን አንድ ቤት ብቻ እንዲጠቀምበት ተመድቧል፣ መሬቱ የሁሉም ነው፣ መኪና የማቆም መብቱ የአንድ ቤት ነው። ሶስተኛው ዝም ብሎ የጋራ ነው፣ ቀድሞ የመጣ ያቆማል ወይ ደሞ የቤት ባለቤቶቹ ማህበር በፈለገው መንገድ ያደላድለዋል።

ከነዚህ ውጪ አራተኛ የሚመስል አለ፣ "ድሮ ኮሚቴው ፈቅዶልኛል" የሚባለው። ይሄኛው ነው የጠቡ ሁሉ እናት። የዛሬ ስንት አመት የነበረ ሰብሳቢ በቃል ፈቅዶ ሄዷል፣ ሰውዬው እስከዛሬ ያቆማል፣ አዲስ የመጣው ኮሚቴ ሊያስነሳው ሲል "መብቴ ነው" ይላል። የቃል ፈቃድ ብዙ ቦታ ቋሚ መብት አይሰጥም። ለምሳሌ ካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ኮሚቴው የጋራ ቦታን ለአንድ ሰው ብቻ መስጠት የሚችለው በመደበኛው እስከ አንድ አመት ነው፣ ሲያልቅ ይታደሳል ወይ ይቀራል። ቦታው በቋሚነት ለአንድ ቤት እንዲመደብ ከተፈለገ ደሞ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ሶስት አራተኛ ድምጽ ያስፈልጋል። የናንተ አገር ሕግ ቁጥሩ ይለያይ ይሆናል፣ ሀሳቡ ግን ብዙ ቦታ ተመሳሳይ ነው፣ ጊዜያዊ ፈቃድ ቀላል ነው፣ የጋራውን ለአንድ ሰው ለዘላለም ማድረግ ከባድ ነው፣ መሆንም ያለበት እንደዛ ነው።

እንዴት ታጣራላችሁ? የተመዘገበውን ፕላን፣ መተዳደሪያ ደንቡን፣ የግዢ ውሉን፣ ከዛ የድሮ ቃለ ጉባኤዎችን በዚህ ቅደም ተከተል እዩ። ደላላው የነገራችሁ ማስረጃ አይደለም፣ መሬት ላይ በቀለም የተጻፈ ቁጥርም ብቻውን ማስረጃ አይደለም፣ ቀለሙን ማንም ሊቀባው ይችላል፣ እንደውም መሬት ላይ ያለው ቁጥር ከፕላኑ ቁጥር ጋር የማይገጥምበት ሕንፃ አለ። ኮሚቴ ከሆናችሁ ደንብ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ሰንጠረዥ ሥሩ፣ መሬት ላይ ያለው ቁጥር፣ ፕላኑ ላይ ያለው ቁጥር፣ የትኛው ቤት፣ ከሶስቱ የትኛው አይነት መብት፣ አሁን የሚያቆመው መኪና ታርጋ። አሰልቺ ሥራ ነው ግን ግማሹ ክርክር እዚህ ላይ ያልቃል፣ ምክንያቱም ሰዉ ወረቀት ሲያይ ድምጹ ይቀንሳል።

ይሄ ልዩነት ለምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ የግል በሆነ ቦታ ላይ ማህበሩ አጠቃቀሙን ብቻ ነው መቆጣጠር የሚችለው፣ ማለትም ዘይት አታፍስሱ፣ እቃ አትከምሩ፣ ከመስመር አትውጡ ማለት ይችላል፣ ቦታውን መንጠቅ ግን አይችልም። የጥገና ወጪውንም ማን እንደሚችል የሚወስነው ይሄው ነው። ቤዝመንት ውስጥ ከጣራው ውሃ ሲንጠባጠብ የመኪናው ባለቤትና ኮሚቴው የሚጨቃጨቁት ማንም ይሄን ቀድሞ ስላላየው ነው።

ደንቡን መጻፍ

መተዳደሪያ ደንብና የኮሚቴ መመሪያ አንድ አይደሉም። ደንብ ጉባኤ ላይ በድምጽ ይጸድቃል፣ መመሪያ ግን ኮሚቴው የሚያወጣው የየእለት አጠቃቀም ነው፣ ጉልበቱም ያንሳል። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ እንደውም በገንዘብ ለይቶታል፣ በአብዛኛው ደንብ ለጣሰ እስከ 200 የካናዳ ዶላር፣ መመሪያ ለጣሰ እስከ 50፣ ጥሰቱ ከቀጠለ በየ7 ቀኑ እንደገና መቅጣት ይቻላል። ስለዚህ ቅጣት የምታስቡበትን ነገር ወደ ደንቡ አስገቡት፣ የበሩ ሪሞት እንዴት እንደሚሰጥ አይነት ነገር መመሪያ ይብቃው።

ስትጽፉ "ሁሉም ሰው በአግባቡ ያቁም" የሚል ዓረፍተ ነገር አትጻፉ፣ አግባቡን ሁሉም በራሱ ልክ ነው የሚያውቀው። ሊታይ፣ ሊለካ፣ ፎቶ ሊነሳ የሚችል ነገር ጻፉ። "ትልቅ መኪና አይፈቀድም" ከማለት ርዝመቱንና ከፍታውን በሜትር አስቀምጡ። "የሥራ መኪና ክልክል ነው" ማለት ደሞ የባሰ ነው፣ የቧንቧ ሠራተኛውም እኮ ነዋሪ ነው፣ ማታ ቤቱ የሚመጣው በዛችው መኪና ነው። እናንተን ያስቸገራችሁ መጠኑ ከሆነ መጠኑን ከልክሉ።

ስለ መጠን ካነሳን አይቀር፣ እንግሊዝ ውስጥ የተለመደው የማቆሚያ ልክ 2.4 በ4.8 ሜትር ነው። ዛሬ ያሉ ትላልቅ ኤስዩቪዎች ያለ መስታወታቸው ብቻ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ስፋት አላቸው፣ በሁለቱም ጎን የሚተርፈው በር በቅጡ አያስከፍትም። ስለዚህ "በሬን ገጨኸው" የሚለው ጠብ ሁሌ የጸባይ ችግር አይደለም፣ የሒሳብ ችግር ነው። ምሰሶ አጠገብ ያለውን ቦታ ለትንሽ መኪና በፈቃደኝነት ማቀያየር ከየትኛውም ቅጣት በላይ ይሠራል፣ ልውውጡን ግን በጽሁፍና በጊዜ ገድቡት፣ አለዛ ከላይ ያልኳችሁ የቃል ፈቃድ እንደገና ተወለደ ማለት ነው።

የቆመና የተረሳ መኪናም በደንቡ ይካተት። ታርጋ የሌለው፣ ጎማው የተኛ፣ ዘይት የሚያንጠባጥብ ብላችሁ በምልክቱ ግለጹት። የተቀደደ ጎማ መቀየር ይፈቀድ፣ ዘይት መቀየርና ቀለም መቀባት አይፈቀድ፣ በቃ ይሄ በአንድ መስመር ያልቃል።

የእንግዳ ቦታ

ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው፣ ደንቡ ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚታወቀው እንግዳ ማቆሚያው ላይ ነው። ሁለተኛ መኪና የገዛ ነዋሪ መጀመሪያ የሚያየው የእንግዳውን ቦታ ነው። ከዛ "ዛሬ ብቻ" ይላል፣ ከዛ ሳምንት ይሆናል፣ ከዛ ሌላውም አይቶ ይገባል፣ መጨረሻ ላይ እውነተኛ እንግዳ ሲመጣ አስፋልት ዳር ነው የሚያቆመው።

መጀመሪያ እንግዳ ማን እንደሆነ ግለጹ። በሰዓት ብቻ ከገለጻችሁት ነዋሪው እየገባ እየወጣ ይጫወትበታል፣ በሰውዬው ግለጹት፣ እዚህ ግቢ የሚኖር ሰው መኪና ለአምስት ደቂቃም ቢሆን እንግዳ አይደለም። ቀጥሎ ገደብ አስቀምጡ። ለምሳሌ እንደዚህ ሊጻፍ ይችላል፦

"የእንግዳ ማቆሚያ በግቢው ለማይኖር ሰው ተሽከርካሪ ብቻ ነው። አንድ የእንግዳ ተሽከርካሪ በተከታታይ ከ48 ሰዓት በላይ ወይም በአንድ ወር ውስጥ ከ8 ሌሊት በላይ የሚቆመው የኮሚቴው የጽሁፍ ፈቃድ ሲኖረው ነው። ተሽከርካሪውን ከአንድ የእንግዳ ቦታ ወደ ሌላው ማዛወር ሰዓቱን እንደ አዲስ አያስጀምርም።"

ቁጥሮቹን እንደ ግቢያችሁ ቀይሩ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ግን እንዳትረሷት፣ እሷ ከሌለች መኪናውን አንድ ቦታ ገፋ አድርጎ "አዲስ ነው የገባሁት" የሚል ሰው አይጠፋም።

የወር ገደቡ ማንን ለመያዝ ነው? ማታ ማታ እየመጣ የሚያድረውን፣ ኪራይ ውሉ ላይ ስሙ የሌለ ግን በተግባር የሚኖረውን ሰው። ይሄ ነገር ስሜት ያለበት ነው፣ የሰው ፍቅር ውስጥ መግባት ይመስላል፣ ስለዚህ ኮሚቴው "ማነው የሚያድርብሽ" ብሎ መጠየቅ የለበትም፣ ታርጋና ሌሊት መቁጠር ብቻ ይበቃል። በሌላ በኩል ደሞ በሽተኛ የምታስታምም ነርስ ወይም አዛውንት እናቱን ሊጠብቅ የሚመጣ ልጅ ገደቡን ያልፋል፣ ለነሱ የጽሁፍ ፈቃዱ ሳይንዛዛ ይሰጥ፣ ደንቡ ውስጥ ቀድሞ ይጻፍላቸው።

የሚቆጥር ከሌለ ግን አትገድቡ። ማታ ጥበቃ የሌለው፣ ካሜራ የሌለው፣ ምዝገባ የሌለው ግቢ "ከ4 ሰዓት በላይ ክልክል" ብሎ ለጥፎ ምን ያደርጋል? የማይፈጸም ደንብ ከሌለ ደንብ ይብሳል፣ ምክንያቱም አንድ ቀን አንድ የተጠላ ሰው ላይ ብቻ ይወጣል። በወረቀት ካርድ የሚሰጥ የእንግዳ ፈቃድ ደሞ ፎቶ ኮፒ ይደረጋል፣ ስለዚህ ታርጋ መመዝገብ ይሻላል፣ በጥበቃው መዝገብም ይሁን በስልክ መልእክት።

ታውንሃውስ ሲሆን

ታውንሃውስ ላይ ችግሩ መልኩን ይቀይራል። እዚህ እያንዳንዱ ቤት ጋራዥ አለው፣ ከጋራዡ ፊት ደሞ ትንሽ መግቢያ አለች። ሰዉ ጋራዡን እቃ ቤት ያደርገዋል፣ መኪናውን መግቢያው ላይ ያቆማል፣ ሁለተኛውን መኪና መንገዱ ላይ። መግቢያዋ አጭር ከሆነች የመኪናው ቂጥ የእግረኛ መንገዱን ይዘጋል። መፍትሄው ርዝመቷን ለክቶ "ከዚህ መስመር የሚያልፍ ተሽከርካሪ አይቆምም" ብሎ መስመር መቀባት ነው። ጋራዡን በግድ ለመኪና ብቻ አድርጉ የሚል ደንብ ግን ብዙም አይታየኝም፣ ማን ከፍቶ ያያል?

የውስጥ መንገዱ ላይ ግን ቀልድ የለም። ብዙ የአሜሪካ ከተሞች የሚከተሉት የእሳት ደንብ ለእሳት አደጋ መኪና ክፍት ሆኖ መቀመጥ ያለበትን ስፋት 20 ጫማ ያደርገዋል፣ 6.1 ሜትር ገደማ፣ እንግሊዝ ደሞ 3.7 ሜትር ይላል። ሜትር ይዛችሁ ውጡና ሁለት ጎን መኪና ሲቆም የሚተርፈውን ለኩ። ካልበቃ አንዱን ጎን ዝጉ፣ ለድምጽ የሚቀርብ ነገር አይደለም። መንገዱ ጫፍ ላይ ያለችው መዞሪያም ባዶ ስለምትመስል ሁሉም ያቆምባታል፣ እሷ ስትዘጋ የቆሻሻ መኪናውም አምቡላንሱም ወደ ኋላ ነው የሚወጣው።

ደንቡን ማስከበር

እዚህ ላይ ኮሚቴዎች ይቸኩላሉ። ቅጣት ከመጻፋችሁ በፊት የአገራችሁ ሕግ ማህበሩ መቅጣት ይችላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ቦታ ለቦታ በጣም ይለያያል። አውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ ማህበሩ በራሱ ቅጣት መጣል አይችልም፣ መጀመሪያ "ደንቡን አክብር" የሚል ማስታወቂያ ይሰጣል፣ እምቢ ካለ ወደ ትሪቡናል (እንዲህ ያለውን ክርክር ወደሚዳኘው አካል) ይሄዳል፣ ትሪቡናሉ እስከ 1,100 የአውስትራሊያ ዶላር፣ በ12 ወር ውስጥ ከደገመ እስከ 2,200 ሊቀጣው ይችላል። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ማህበሩ ይቀጣል፣ ግን ክሱን በጽሁፍ ሳይሰጥና ሰውዬው መልስ እንዲሰጥ እድል ሳይሰጠው ከቀጣ ቅጣቱ ሊወድቅበት ይችላል።

ሕጉ ባያስገድዳችሁም ይሄንን ሂደት ተከተሉ። ቀንና ሰዓት ያለው ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ፣ ውሳኔው ቃለ ጉባኤ ላይ። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦

"ታርጋ ቁጥሩ ይህ የሆነ ተሽከርካሪ በዚህ ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በእንግዳ ማቆሚያ ቁጥር 4 ላይ ቆሞ ተገኝቷል። ይህ ድርጊት የመተዳደሪያ ደንቡን አንቀጽ 7 ይጥሳል። ማብራሪያ ካለዎት በ14 ቀናት ውስጥ በጽሁፍ ወይም በአካል ለኮሚቴው ማቅረብ ይችላሉ። ውሳኔ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው።"

ስድብ የለም፣ "በተደጋጋሚ እንደሚታወቀው" የለም፣ ግሩፕ ላይ ፎቶ ለጥፎ ማሳፈር የለም። ግሩፑ ላይ የሚለጠፈው ነገር ነው ትንሹን ጉዳይ የሚያከረው። እና ደሞ የሰብሳቢው ዘመድ መኪና ሲሆን ዓይን የሚጨፈን ከሆነ ደንቡ እዛው ሞተ፣ ተከሳሹ መጀመሪያ የሚያመጣው የሱን ፎቶ ነው።

መኪና በክሬን ማስነሳትና ጎማ መቆለፍ የመጨረሻው አማራጭ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ጭራሽ ወንጀል ነው። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ በግል ይዞታ ላይ ያለ ሕጋዊ ሥልጣን ጎማ መቆለፍ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2012 ጀምሮ ተከልክሏል። ካሊፎርኒያ ደሞ ማስነሳት ይፈቀዳል ግን ለዚህ ከሚሄዱት መንገዶች አንዱ መግቢያዎቹ ሁሉ ላይ ምልክት መስቀል ነው፣ ምልክቱ ቢያንስ 17 በ22 ኢንች፣ ፊደሉ ከ1 ኢንች የማያንስ፣ የፖሊስ ስልክም የተጻፈበት። እዛ አገር ባትኖሩም ይሄንን እንደ መመዘኛ ያዙት፣ ምልክት ያላየ ሰው መኪናው ሲነሳበት ፍርድ ቤት ማን እንደሚረታ መገመት ነው።

የናንተ ቦታ ላይ ሰው አቁሞ ብታገኙትስ? ከኋላው ገጥማችሁ አትዝጉበት፣ ደስ ይላል አውቃለሁ፣ ግን ሌሊት ሆስፒታል የሚሄድ ሰው ቢኖርበት ጥፋተኛው እናንተ ናችሁ። ፎቶ አንሱ፣ ጥበቃውን ወይ ኮሚቴውን ጥሩ፣ ታርጋው በምዝገባው ሰንጠረዥ ላይ ካለ በአንድ ስልክ ይፈታል። እናንተም እስኪፈታ እንግዳ ቦታ ብታቆሙ እንዳትቀጡ ለኮሚቴው ወዲያው በጽሁፍ አሳውቁ።

አካል ጉዳተኛ ነዋሪና የኤሌክትሪክ መኪና

"ሁሉም እኩል ነው፣ ቀድሞ የመጣ ያቆማል" የሚለው ደንብ ፍትሃዊ ይመስላል፣ መራመድ ለሚቸግረው ሰው ግን ፍትሃዊ አይደለም። የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ፍትሃዊነት ሕግ እንደዚህ አይነት ግቢ ውስጥም ቢሆን ለአካል ጉዳተኛው ከቤቱ አጠገብ ቦታ መመደብን እንደ ምክንያታዊ ማስተካከያ ያየዋል። ዊልቸር የሚያወጣ ሰው ከመኪናው ጎን 1.5 ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ያስፈልገዋል፣ ስለዚህ ተራ ማቆሚያ ላይ ምልክቱን ቀብቶ መሄድ አይጠቅመውም። የሕመሙን አይነት ጉባኤ ላይ ማስነበብ ደሞ ነውር ነው፣ አይደረግም።

ቻርጀር የሚጠይቅ ሰው ዛሬ አንድ ከሆነ ነገ አስር ነው፣ ቀድማችሁ አስቡበት። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከታህሳስ 2020 ጀምሮ ማንኛውም ባለቤት በራሱ ወጪ ቻርጀር እንዲገጠምለት የመጠየቅ መብት ሰጥታለች፣ ካሊፎርኒያ ማመልከቻው በ60 ቀን ውስጥ በጽሁፍ ካልተከለከለ እንደተፈቀደ ይቆጠራል፣ ማህበሩ ተጨማሪ መረጃ ጠይቆ ካልዘገየ በስተቀር። ኮሚቴው መጀመሪያ የሚጠይቀው የሕንፃውን ኤሌክትሪክ አቅም ነው። አንድ የቤት ቻርጀር 7 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል፣ ሃያ መኪና ባንዴ ቢሰካ 140 ኪሎዋት ነው፣ ብዙ ሕንፃ ይሄንን አይችልም፣ ስለዚህ ኃይሉን ለመኪኖቹ እያከፋፈለ የሚሰጥ ሲስተም ከመጀመሪያው ይታሰብ፣ አለዛ የመጀመሪያዎቹ ሶስት ሰዎች አቅሙን ወስደው ሌላው ይቀራል። ውሉ ላይ ቆጣሪው የማን፣ ጥገናው የማን፣ ኢንሹራንሱ የማን፣ ቤቱ ሲሸጥ ቻርጀሩ ይነሳል ወይ የሚለው ይጻፍ። ከመስኮት በማራዘሚያ ገመድ ቻርጅ ማድረግ ግን ዛሬውኑ ይከልከል፣ እሳት ነው።

ተከራይና ገዢ

አከራዮች፣ የፓርኪንግ ደንቡን ከኪራይ ውሉ ጋር አያይዙ፣ ተከራዩ ሲቀጣ ደብዳቤው ለናንተም መምጣቱ አይቀርም። መኪና የሌላችሁ ባለቤቶች ቦታችሁን ለውጭ ሰው ማከራየት ከፈለጋችሁ ደንቡ ይፈቅዳል ወይ ብላችሁ እዩ፣ የውጭ ሰው ማለት የበሩ ሪሞት ያለው ሰው ማለት ነው፣ ብዙ ማህበር ለዚህ ሲል ለነዋሪ ብቻ ያደርገዋል። እኔም ብጠየቅ በዚህ እስማማለሁ።

ቤት ልትገዙ ከሆነ ደሞ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ፕላኑን ይዛችሁ ቤዝመንት ውረዱ፣ ሻጩ ያሳያችሁን ቦታ ቁጥር ከፕላኑ ጋር አመሳክሩ፣ መብቱ ከሶስቱ የትኛው እንደሆነ ከማህበሩ በጽሁፍ ጠይቁ፣ ያለፉትን የሁለት አመት ቃለ ጉባኤዎች አንብቡና "ፓርኪንግ" የሚለው ቃል ስንት ጊዜ እንደመጣ እዩ። ከዛ የራሳችሁን መኪና አምጥታችሁ አቁሙትና በሩን ክፈቱ። መውጣት ካልቻላችሁ ዋጋው ላይ ተነጋገሩ።